በቤድፎርዱ ሆድ ውስጥ የነበረው ጋዜጣ

የቤት መኪና እሑድ እሑድ ይታጠባል፤ ክረምት ሲመጣም ጣሪያ ሥር ይገባል። የሥራ ቫን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ድንች ይጫንበታል፣ ሲሚንቶ ይጫንበታል፣ ዓመቱን ሙሉ ደጅ ያድራል፤ አልነሳ ያለ ዕለት ደግሞ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ይሸጣል። የእንግሊዝ አሮጌ ቫኖች በብዛት ተመርተው ሲያበቁ ዛሬ እንደ ብርቅ የሚታዩት ለዚህ ነው። እኔ የምሠራበት ጋራዥ ከበርሚንግሃም ወጣ ብሎ ያለ ትንሽ ቤት ሲሆን እንጀራችን ከሞት የተረፉትን ቫኖች ማደስ ነው። ሞሪስ ጄ፣ ኮመር፣ የመጀመሪያዎቹ ፎርድ ትራንዚቶች ይመጡልናል። አልፎ አልፎም የፊት ፓራፋንጎው ከጎማ የተሠራ የፖስታ ቤት ሞሪስ ማይነር ይገባል። ፖስተኛው በጠባብ መንገድ ሲያጋጨው ላሜራው ተጨማዶ ከሚቀር፣ ጎማው ተጣጥፎ ወደ ቦታው እንዲመለስ ታስቦ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ብልሃት ባየሁ ቁጥር ያን ዘመን እወደዋለሁ።

ይህ ገጠመኝ ግን የአንድ ቤድፎርድ ሲኤ ነው። ሲኤ ከ1952 እስከ 1969 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲመረት የኖረ የቮክስሆል ኩባንያ ቫን ነው። አፍንጫው አጭር ስለሆነ የሞተሩ ግማሽ ወደ ሾፌሩ ክፍል ገብቶ ይቀመጣል። የማርሹ ዘንግ ከመሪው ግንድ ላይ ነው፤ የፊት በሮቹም ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ። አትክልት ሻጩም፣ ዳቦ ጋጋሪውም፣ አይስክሬም አዟሪውም ነድቶታል። በበጋ ሾፌሮቹ በሩን ከፍተው እየነዱ ይሄዱ እንደነበር አለቃችን ሲያወራ ፊቱ ይፈካል። እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ በእነዚህ ቫኖች ሥር ተንጋሎ ያደገ ሰው ነው።

ቫኑን ያመጡት ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። የ1961 ምርት ሲሆን አባታቸው አትክልት ሲሸጡበት ኖረው አንድ መጋዘን ውስጥ ትተውት ያለፉት ነው። ከሁሉ በፊት ዓይኔን የሳበው የጎኑ መስኮት ነው። በግራም በቀኝም አንዳንድ መስኮት ተቆርጦ ገብቷል፤ የሁለቱም መስመር ጠማማ ነው። ከፋብሪካ እንዲህ ሆኖ እንዳልወጣ ማንም ያውቃል። ነገሩ የቀረጥ ታሪክ አለው። በብሪታንያ ከ1940 እስከ 1973 የግዢ ቀረጥ የሚባል ነበር። የቤት መኪና ይከፍለዋል፤ ከሾፌሩ ኋላ በጎኑ መስኮት የሌለው የዕቃ ቫን ግን አይከፍልም። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ርካሹን ቫን ገዝቶ ልጆቹን ከኋላ በጨለማ ይጭን ነበር። መስኮት የቆረጠ ሰው ቀረጡ ይመጣበታል። አባትየው ቀረጡ እስኪሻር ጠብቀው ነው ብረት መቁረጫቸውን ያነሱት። ሴትዮዋ በልጅነታቸው የብርቱካን ሳጥን ላይ ተቀምጠው በዚያ ጠማማ መስኮት መንገዱን ያዩ ነበር። አለቃችን መስኮቱን ደፍነን እንደ ፋብሪካው እናድርገው ሲላቸው በጨዋ ቋንቋ፣ ነገር ግን ዳግመኛ እንዳያነሳው በሚያደርግ ፊት እንቢ አሉት። እኔ በልቤ ደግ አደረጉ አልኩ። ከፋብሪካ ሲወጣ እንኳ ያልነበረውን ልስላሴና አብረቅራቂ ቀለም ተቀብቶ በየትርኢቱ የሚቆም ቫን ሳይ ሠርቶ የማያውቅ እጅ የጨበጥኩ ያህል ይሰማኛል።

ወደ ሥራው ልመለስ። ከተንሸራታቹ በር ግርጌ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄድ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ሳጥን አለ። የበሩ ሐዲድ ውሃ ይይዛል፤ ውሃው ወደዚህ ሳጥን ይወርዳል፤ መውጫው በጭቃ ከተደፈነ ሳጥኑ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሰብሳል። የእኛው ቫን ሳጥን ሲያዩት ደህና ነበር። አለቃችን በትንሽ መዶሻ ከፊት ወደ ኋላ እያንኳኳ ሄደ። ላሜራ ሲመታ ይጮኻል፤ ይህ ግን ድም፣ ድም አለ። ቀለሙን ስንገፍፈው ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር ደግሞ የዶሮ ሽቦ ተገኘ። የፊተኛውን ክፍል ቆርጠን ጣልነው። ወደ ኋላ ጎማ የተጠጋው ክፍል ግን ላሜራው ጠንካራ ስለነበር እንዲቀር ተወሰነ። እኔ አዲሱን ላሜራ ቀጥቅጬ አዘጋጀሁ፤ የቤቱ ወጣት በያጅም በየደው። ብየዳው ያማረ ነበር፤ ዛሬም ሄዶ ማየት ይቻላል።

በቤታችን አንድ ሕግ አለ፦ ብየዳ ካበቃ በኋላ አንድ ሰው ወንበር ይዞ አንድ ሰዓት ይጠብቃል። ስልክ አይነካም፣ ሌላ ሥራ አይሠራም፤ መኪናውን እያየ ይቀመጣል። ወጣቱ ይህን ሕግ ‹‹የለቅሶ ቤት›› ብሎ ይቀልድበት ነበር። የዚያን ቀን ተራው የእኔ ሆነ። አዲስ አበባ ስሠራ ከብየዳ በፊት ባልዲ ውሃና እርጥብ ጨርቅ አጠገቤ አስቀምጥ ነበርና እዚህም ልማዱ አልተወኝም። ሻዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ሰዓቱ ወደ ማለቁ ሲቃረብ አንድ ሽታ መጣ። የተቃጠለ ቀለም ሽታ አውቃለሁ፤ የጋለ ብረት ሽታም አውቃለሁ። ይህ የወረቀት ሽታ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳይ ቀጭን ጭስ ከውሃ መውጫ ቀዳዳ ይወጣል። የሚገርመው ቀዳዳው ከተበየደው ቦታ አንድ ክንድ ያህል ይርቃል።

ተጣራሁ። ወጣቱ ሮጦ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያውን አንስቶ በቀዳዳው ነፋበት። ጭሱ ቆመ፤ ሁላችንም ተነፈስን። አለቃችን ብቻ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። እጁን ላሜራው ላይ አድርጎ ቆየ። ጥቂት ቆይቶ ጭሱ በሌላ ቀዳዳ፣ ይልቁንም ወደ ጎማው በተጠጋው በኩል ወጣ። ያን ጊዜ ‹‹ቁረጠው›› አለ። ግራይንደር ብልጭታ ያወጣል ብሎ ከለከለና በእጅ በሚሠራ መቀስ ከፈትነው። ከዚያ በባልዲው ውሃ እያፈሰስን፣ በካቻቢቴ እየቆሰቆስን አወጣነው። የወጣው ተጠቅልሎ፣ ተጨፍልቆ፣ ሳጥኑን ሞልቶ የነበረ ጋዜጣ ነው። ሳጥኑን የጠገነው ሰው ስቱኮው የሚደገፍበት ሲያጣ ባዶውን በጋዜጣ ሞልቶ፣ በላዩ የዶሮ ሽቦ ዘርግቶ ነው የለሰነው።

ተጨፍልቆ የታጨቀ ወረቀት ነበልባል የለውም፤ እንደ ኩበት እሳት ውስጥ ለውስጥ እየበላ ይሄዳል። በሳጥኑ ጫፍ ባሉ ቀዳዳዎች የምትገባው ጥቂት አየር ትበቃዋለች። ያ ማጥፊያ ጋዝ ነበልባልን አየር አሳጥቶ ይገድላል እንጂ ፍሙን አያቀዘቅዘውም። ጋዙ ሲበተን አየር ይመለሳል፤ ፍሙም እንደገና ይነሳል። ለእንዲህ ያለው እሳት መድኃኒቱ ውሃ ነው፣ ውሃው የሚደርሰው ደግሞ ሳጥኑ ሲከፈት ነው። የነዳጅ ታንኩ ሥራው ሳይጀመር ወርዶ ግቢው ዳር መቀመጡን ያን ዕለት ብዙ ጊዜ ዞሬ አየሁት። ይህም ከአለቃችን ሕጎች አንዱ ነው፤ በእሱም ሲቀለድበት ሰምቻለሁ።

ከውስጥ በኩል ያልተቃጠሉ ገጾች ነበሩ። አለቃችን መነጽሩን አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቸው። ኅዳር 1977። ብፈጥረው ማንም አያምነኝም እንጂ ከገጾቹ አንዱ ስለ እሳት አደጋ ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ይተርክ ነበር። አድማው በዚያው ኅዳር ተጀምሮ እስከ ጥር 1978 የዘለቀ አገር አቀፍ አድማ ነው። እሳት ለማጥፋት የወጡት ወታደሮች ሲሆኑ የነዱትም ‹‹ግሪን ጎደስ›› የሚባሉትን አረንጓዴ አሮጌ መኪኖች ነበር። እነሱም በ1950ዎቹ የተሠሩ ቤድፎርዶች ናቸው። ወጣቱ ሳቁ አልቆም አለ። አለቃችንን የያዘው ግን ዓመቱ ነበር። የእኛን የቦሎ ምርመራ የመሰለው የእንግሊዞቹ ዓመታዊ ምርመራ በ1960 ሲጀመር የሚያየው ፍሬን፣ መብራትና መሪ ነበር። የአካሉና የቻንሲው ደህንነት እንዲታይ የተጨመረው በ1977 ነው። እስከዚያ ድረስ የበሰበሰ ሳጥን የማንንም ዓይን አልሳበም፤ መርማሪው ከሥር ጎንበስ ማለት ሲጀምር ግን ስንት አባት በየጓሮው ስቱኮ ሲበጠብጥ ከርሟል።

ለሴትዮዋ ስልክ ተደወለላቸው። አባታቸው ጓሮ ውስጥ በጀርባቸው ተኝተው ጋዜጣ ሲያጭቁ ያስታውሱ ነበር። ‹‹ምን እያደረግህ ነው?›› ብለው ሲጠይቋቸው ‹‹ቁርስ እያበላሁት ነው›› ብለው መልሰው ነበር። ቫኑም ያኔ ምርመራውን አለፈ። በጋዜጣ የተሞላ ሳጥን የጎን ግጭት ቢደርስበት ማንንም አያድንም፤ ልጆቹ ደግሞ ከኋላ ነበሩ። ቢሆንም አልፈርድባቸውም። እኔም አዲስ አበባ ሳለሁ ገንዘብ ባጠረው ደንበኛ መኪና ላይ ስቱኮ ያልሞላ ባለሙያ አላየሁም። ያ ሰው ያላሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከአርባ ዓመት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ እሳት ይዞ የሚመጣ ሌላ ሠራተኛ እንዳለ። ከዚያ ወዲህ እኔ ሳጥን ስዘጋ ውስጡን ፀረ ዝገት ሰም እነፋለሁ፣ የውሃ መውጫውን ክፍት አደርጋለሁ፣ ምን እንደገባበትም ከመኪናው ጋር በሚሄደው መዝገብ እጽፋለሁ።

ሴትዮዋ የተረፉትን ገጾች ወሰዱ። በቤታችን ደግሞ ሁለት ነገር ተቀየረ። የእሳት ማጥፊያው ጎን አሁን በእጅ የሚነፋ የውሃ መርጫ ይቆማል፤ ከማንኛውም ብየዳ በፊትም ጫፉ ላይ መብራት ያላት ቀጭን ካሜራ በየቀዳዳው ትገባለች። ካሜራዋን የሚይዘው ያው ‹‹የለቅሶ ቤት›› ይል የነበረው ወጣት ነው፤ ለሌላ ሰው አያስነካም። በቅርቡ አንድ ኮመር ሲመጣ ካሜራዋን አስገብቶ ረጅም ጊዜ ዝም አለና ‹‹ይኼኛው ሲሚንቶ ነው የበላው፤ ቢያንስ አይቃጠልም›› አለ።