ከፕላስተሮቹ የዛሬው የትኛው ነው?

ለመኪናዬ ዓመታዊ ምርመራ በሄድኩበት ጣቢያ አንድ ወጣት መርማሪ ያቀረበልኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ጢሜን ስላጭም ሆነ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ይመጣና በዚያው ትሕትና በተሞላ ድምፅ ይጠይቀኛል፤ እኔም እስካሁን መልስ የለኝም። የወጣቱን ጥያቄ ለመረዳት ግን ከመኪናዬ መሪ መጀመር ያስፈልጋል።

መኪናዬ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ የተሠራች ላንድ ክሩዘር ስትሆን፣ ፓወር ስቲሪንግ የሚባል ነገር አታውቅም። ከፋብሪካ ከወጣችበት የሚሰፋ ጎማ ስላጠለቅኩላት በክረምት መረሬ ውስጥ ስትገባ መሪዋን ማዞር የሁለት ጎልማሶች ሥራ ነው። ፓወር ስቲሪንግ ያለው የመሪ ሳጥን ዋጋ ስጠይቅ የሰማሁት ገንዘብ መኪናዋን ጨምሮ የሚገዛ ስለመሰለኝ፣ አሜሪካኖች በድንጋይ ላይ የሚያንፏቅቋቸውን መኪኖች ቪዲዮ እየተመለከትኩ ሌላ መንገድ መፈለግ ጀመርኩ። በእነዚያ መኪኖች ላይ መሪውንና ጎማውን የሚያገናኝ ብረት ጭራሽ የለም። መሪው ኦርቢታል የተባለ ቫልቭ ያዞራል፤ ቫልቩም ፓምፑ የሚሰጠውን ዘይት እየለካ በቱቦ ወደ ሲሊንደር ይልካል፤ ሲሊንደሩ ደግሞ ጎማውን ይገፋል። ፎርክሊፍትም የሚታጠፈው በዚሁ ዘዴ ነው። ቪዲዮዎቹ የማያሳዩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ብዙዎቹ መኪኖች እስከ ድንጋዩ ድረስ የሚመጡት በተጎታች ተጭነው መሆኑን ነው።

ኦርቢታሉን ከሶማሌ ተራ ገዛሁ። ከፎርክሊፍት የወጣና በአንድ ዙር 100 ሲሲ ዘይት የሚያሳልፍ ሲሆን፣ ሻጩ «ያገለገለ ቢሆንም ጃፓን ነው» ብሎ ምሎልኛል። ሲሊንደሩ ከአሮጌ ትራክተር የተፈታ ነው። ቱቦዎቹን አሠርቼ፣ ማሰሪያዎቹን አስበይጄ፣ ዘይቱን ሞልቼ ሞተሩን ባስነሣሁበት ምሽት፣ ለዓመታት በሁለት እጄ ስታገለው የኖርኩትን መሪ በአንዲት ጣት አዞርኩት። ባለቤቴ ከበረንዳ ሆና ስታየኝ ጣቴን ብቻ እያሳየሁ አዞርኩላት፤ እርሷ ግን «እጅህ ታመመ እንዴ?» ብላ ወደ ቤት ገባች።

ችግሩ የመጣው ከሒሳቡ ነው። የገዛሁት ሲሊንደር ዘንግ ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ የውስጡ ስፋት 63 ሚሊ ሜትር፣ የዘንጉ ውፍረት 32 ሚሊ ሜትር፣ ዘንጉ የሚጓዘው ርቀት 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ዘንጉን ወደ ውጭ ለመግፋት 620 ሲሲ ያህል ዘይት ሲፈልግ፣ መልሶ ለመሳብ ግን ዘንጉ ራሱ ቦታ ስለሚይዝ 460 ሲሲ ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ወደ አንዱ ጎን ለማዞር ከስድስት ዙር በላይ ሲያስፈልግ፣ ለመመለስ አራት ዙር ተኩል ያህል ይበቃል፤ በየምልልሱም አንድ ዙር ተኩል ያህል የት እንደሚገባ ሳይታወቅ ይቀራል። በዚህ ላይ በአሮጌው ኦርቢታል ውስጥ የሚያመልጠው ዘይት ሲጨመርበት፣ ጎማው ቀጥ ብሎ መሪው የትም ሊያመለክት ይችላል። ባለ ሁለት ዘንጉ ሲሊንደር የምልልሱ ችግር የለበትም፤ ዋጋው ግን የራሱ ችግር አለበት።

እኔም መላ ዘየድኩ። ጎማዎቹን ቀጥ አድርጌ መሪው አናት ላይ ቀይ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ለጠፍኩ። በማግስቱ ቀዩ ከታች ስለተገኘ አናቱ ላይ ቢጫ ጨመርኩ። ቢጫውም ሲሸሽ ጥቁር፣ ከዚያም ሰማያዊ ተከተሉ። የቀድሞዎቹን ያላነሣኋቸው ያረጀው ቦታ አንድ ቀን ዞሮ ሊመጣ ይችላል በሚል ተስፋ ነበር። በየጠዋቱ ከጥበቃው ጋር ከሰላምታ በኋላ የምንወያየው ቀዩ የት እንዳደረ ነበር። ወደ ምርመራው በሄድኩበት ሰሞን መሪው ወጌሻ የጠቀለለው ክንድ መስሎ ነበር።

ፍሬኗ፣ መብራቷና ጭሷ ያለ ችግር አለፉ። ከዚያ ወጣቱ የመሪውን ልቅነት ሊለካ ገባ።

«ጋሼ፣ መሪውን ቀጥ ያድርጉልኝ» አለኝ።

«ቀጥ ነው» አልኩት።

ወርዶ ጎማዎቹን አየ፤ ቀጥ ብለዋል። ተመልሶ መሪውን አየ፤ ከዚያም እኔን አየኝ፤ ቀጥሎም ምንም ፌዝ በሌለበት ድምፅ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከፕላስተሮቹ የዛሬው የትኛው ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

ዝም አልኩ። ከኋላችን ተሰልፎ የነበረ የሚኒባስ ረዳት አንገቱን በመስኮት አስገብቶ «ቢጫው ነው» አለ። ባለ አይሱዙው «ቢጫው የትናንት ነው፤ ቀዩ ነው» ሲል ተቃወመው። አንዲት ባለ ቪትዝ ወይዘሮ ደግሞ ወርደው መጥተው ነገሩን በጽሞና ካዩ በኋላ ድምፃቸውን ለቢጫው ሰጡ። ወጣቱ በድምፅ ብልጫ ያሸነፈውን ቢጫ ወደ ላይ ሲያመጣው ሁለቱ ጎማዎች ወደ በሩ ጥበቃ ዞረው አፈጠጡ፤ ጥበቃውም ወንበራቸውን አንሥተው ፈቀቅ አሉ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ መሪውን ማዞር ጀመረ። አዞረ፣ አዞረ፣ አሁንም አዞረ። ጎማዎቹ ከሲሚንቶው ላይ ንቅንቅ አላሉም።

«ጋሼ፣ ይህ ነገር መጨረሻ አለው?»

ቦሎው በዚያው ቀረ። የጻፈልኝ ምክንያት ሁለት ነበር፦ መሪው ከጎማው ጋር በብረት አልተያያዘም፣ ለውጡም አልተፈቀደም። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንዲት ቱቦ ብትፈነዳ በእጄ የሚቀረው ክብ ጌጥ ብቻ መሆኑንም በትሕትና አስረዳኝ። መሪውን ከጎማው ጋር በብረት የሚያያይዘው የመሪ ሳጥን ባለበት ሆኖ ሲሊንደሩ አጋዥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን፣ ዘይቱ ቢያልቅም መሪው ይከብዳል እንጂ ጎማውን አይለቅም ነበር።

ይህን ሲያስረዳኝ በጣቢያው አጥር ማዶ አንድ ትልቅ ሎደር በአስፋልቱ ላይ እየተምዘገዘገ አለፈ። ሎደሩም የሚታጠፈው በዘይት ነው፤ ክብደቱም የእኔን መኪና ብዙ እጥፍ ነው። «ወንድሜ፣ ያኛውስ?» ብዬ በጣቴ አሳየሁት። «እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው» አለኝ። እርሱ ይህን ሲለኝ ሎደሩ አንድ ታክሲ እየቀደመ ነበር። የከተማችን ሎደር ሹፌሮች ቀስ ብለው የሚሄዱት ከፊታቸው ሌላ ሎደር ሲኖር ብቻ መሆኑን ለማን አቤት እንደሚባል የሚያውቅ ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

አሁን ከስድሳ ቁጥሩ ላንድ ክሩዘር የተፈታ፣ ፓወር ስቲሪንግ ያለው የመሪ ሳጥን እያፈላለግኩ ነው። መግዣውን ለማሟላት ኦርቢታሉን ይዤ ወደ ሶማሌ ተራ፣ ወደዚያው ሻጭ ተመለስኩ። አገላብጦ አየው፣ አሸተተው፣ የከፈልኩትን ሩብ የማይሞላ ዋጋም ጠራልኝ። ራሱ የሸጠልኝ ዕቃ መሆኑን ባስታውሰው ጊዜ፣ ፊቱ ቅንጣት ሳይለወጥ «ጃፓን ቢሆንም ያገለገለ ነው» አለኝ።