ገና ያልገባ ደመወዝ

ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ፎርም ኢ (Form E) የሚባለውን የገንዘብ መግለጫ ሞልቼ ጨረስኩ። እዚህ እንግሊዝ አገር ባልና ሚስት ተፋተው የገንዘቡ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ሁለቱም የሚሞሉት ነው። የ12 ወር የባንክ ስቴትመንት፣ የደመወዝ ወረቀት፣ ጡረታ፣ ዕዳ። እሱ አላስቸገረኝም።

ያስቸገረኝ የሚመጣው 12 ወር ነው። ምን ያህል ገቢ ትጠብቂያለሽ ይላል፣ ትልቅ ለውጥ ካለም ጻፊ ይላል። እኔ ደግሞ በቅርቡ ከባንድ 5 ወደ ባንድ 6 የደመወዝ እርከን በነርስነት አድጌያለሁ፣ የምጀምረው ከሁለት ወር በኋላ ነው፣ ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ከእህቴ በቀር ማንም አያውቅም። አዲስ አበባ ደውዬ ሳማክራት "ገና ኪስሽ ባልገባ ብር እሱ ምን አገባው?" አለችኝ። የእኔም ልብ እዚያው ነበር። ከሌሊት ሥራ መልስ ኮርሱን ስከታተል ብቻዬን ነበርኩ።

ጠበቃዬ ግን ሻርላንድ የሚባሉ የተፋቱ ባልና ሚስትን ጉዳይ ነገረችኝ። ባልየው የሶፍትዌር ኩባንያውን ለአክሲዮን ገበያ የማቅረብ ዕቅድ የለም ብሎ ለፍርድ ቤት ተናገረ። ዝግጅቱ ግን እየተካሄደ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለሚስትየዋ ፈረደ፣ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ። እንቅልፍ የነሳችኝ ግን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተፈረደባት ሴት ናት። ገንዘብ አልደበቀችም። ሌላ ሰው ልታገባ ቃል መግባቷን ሳትናገር የባሏን የቤት ድርሻ ወሰደች፣ ወዲያው አገባች። ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት ድርሻውን የሰጣትን ውሳኔ ሻረው። ለካ የሚጠየቀው የያዝሽው ብቻ ሳይሆን ጉዳዩን የሚነካ የምታውቂው ነገር ሁሉ ነው። ያውም ፎርሙን ከሰጠሽ በኋላ አዲስ ነገር ቢመጣ፣ ውሳኔው እስኪሰጥ ድረስ ማሳወቅ አለብሽ።

ከዚያ እቁቡ አለ። ጠበቃዬ ስለ እቁብ ሰምታ አታውቅም፣ ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ዕጣዬ ገና አልወጣም። እስካሁን የጣልኩት የእኔ ገንዘብ ስለሆነ ይጻፋል አለች። ቀሪው ግን ዕጣው ቢወጣልኝም ገና የምከፍለው ነው፣ ስለዚህ ሁለቱን ለይተን ጻፍን። የልጆቼ አባትም እቁብ አለው፣ ከእኔ የሚበልጥ። የትርፍ ሰዓት ሥራውም ሊጨምር እንደሆነ ከመለያየታችን በፊት ሲያወራ ሰምቻለሁ። እኔ ደብዳቤዬን መሳቢያ ውስጥ ትቼ እሱን በምን አፌ ጻፍ እለዋለሁ?

ደብዳቤውን ኮፒ አድርጌ ከፎርሙ ጋር አያያዝኩት። እውነት ነው ብዬ ፈረምኩ፣ እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ዛሬ ጠዋት ለጠበቃዬ ሰጠኋት። የሱ ፎርም ሲደርሰን መጀመሪያ የምፈልገው እቁቡን ነው።