እሳት ሲነሣ ወደ ሊፍቱ፦ ከመሬት በታች ጎብኚ የሚመራ ሰው ምን ይሠልጥን?

መስከረም 9 ቀን 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 2008) ረፋዱ ላይ፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ሥር በሚያልፈው የሰርን (የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት) ዋሻ ውስጥ አንድ የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያ ተቃጠለ። ዋሻው ውስጥ ያለው ፕሮቶኖችን የሚያጋጭ ግዙፍ ማሽን፣ ታላቁ ሃድሮን ኮላይደር፣ የመጀመሪያውን የፕሮቶን ጨረር ያዞረው ጳጉሜ 5 ቀን 2000፣ የእኛ ሚሌኒየም ዓመት ባለቀበት ዕለት ነበር። አደጋው የደረሰው በዘጠነኛው ቀን ነው።

ክብ የሆነው ዋሻ ስምንት ነጥቦች በሚባሉ ቦታዎች ይከፈላል፤ በነጥብ 3 እና በነጥብ 4 መካከል ያሉት ማግኔቶች በከፍተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት እየተሞከሩ ነበር። ፍሰቱ 8,700 አምፔር አካባቢ ሲደርስ ሁለት ማግኔቶችን የሚያያይዘው መገጣጠሚያ ጋለ፤ ከዚያ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ተነሥቶ ሂሊየሙን የያዘውን ዕቃ በሳው። ይህ ሂሊየም ማግኔቶቹን ከዜሮ በታች 271 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ የሚያቆይ ፈሳሽ ነው። ወደ 6 ቶን የሚጠጋው አፈተለከ። የግፊት ማስተንፈሻዎቹ ለዚያን ያህል ጋዝ ታስበው ስላልተሠሩ፣ በአሥር ቶኖች የሚመዝኑ ማግኔቶች ከወለሉ ማሰሪያቸው ተነቅለው ተንሸራተቱ። 53 ማግኔቶች ወደ ላይ ወጥተው ተጠገኑ ወይም ተተኩ። ማሽኑ እንደገና ጨረር ያየው ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ ኅዳር 2002 ዓ.ም. ላይ ነው።

አንድም ሰው አልተጎዳም፤ ምክንያቱም ዋሻው ውስጥ ማንም አልነበረም። ማግኔት በዚያ ኃይል ሲሞከር ሰው አይገባም የሚል ደንብ ነበር፣ ደንቡም ተከብሯል። ያው ዋሻ ግን ከወራት በፊት፣ መጋቢት 2000 መጨረሻ ላይ፣ በሩ ለሕዝብ ተከፍቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጎብኚዎች ሰርንን አጥለቅልቀውት፣ ብዙዎቹም ወደ ታች ወርደው ነበር። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ልዩነት ማሽኑ ያለበት ሁኔታ ብቻ ነው። ለአስጎብኚ ሥልጠና ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

የ6 ቶን ሂሊየም መጠን በቁጥር ካልታየ አይጨበጥም። አንድ ሊትር ፈሳሽ ሂሊየም ወደ ክፍል ሙቀት ሲመጣ 750 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሆናል። 6 ቶኑ ሲሞቅ 36,000 ሜትር ኩብ ይደርሳል። የዋሻው ስፋት ዳር እስከ ዳር 3.8 ሜትር ነው፤ ባዶ ቢሆን ኖሮ ይህ ጋዝ ብቻውን ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይሞላዋል። ሠልጣኙ ይህን ስሌት ራሱ በወረቀት ላይ ቢሠራው ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላ «ትንሽ ሽታ ነገር ካለ እንወጣለን» የሚል መልስ አይሰጥም። ሂሊየም ሽታም ቀለምም የለውም።

ከሁሉ የሚከብደው ትምህርት ይኸው ነው፦ ሰውነታችን የኦክስጅን ማነስን በቀላሉ አያውቅም። ትንፋሽ ሲያጥረን የሚያስጨንቀን በደም ውስጥ የሚከማቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሂሊየም ወይም ናይትሮጅን በሞላው ቦታ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እንደ ወትሮው እያስወጣ ስለሚተነፍስ ምንም የመታፈን ስሜት አይሰማውም። አየር በተለመደው ሁኔታ 21 ከመቶ ኦክስጅን አለው። የኪስ መለኪያዎች ብዙውን ጊዜ 19.5 ወይም 18 ከመቶ ላይ ይጮኻሉ። ከ10 ከመቶ ሲወርድ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ይስታል፤ ከ6 በታች ራሱን ለመሳት ጥቂት ትንፋሽ ይበቃዋል። ጓደኛው ሲወድቅ አይቶ ሊያነሣው የሚጎነበሰው ሰው ሁለተኛው ሟች የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ አስጎብኚ የወደቀ ሰው ሲያይ የመጀመሪያ ሥራው ቡድኑን ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ ማንሣት የመተንፈሻ ዕቃ የለበሱት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ድርሻ ነው። እግር ለመርዳት ሲሮጥ ማስቆም ልምምድ ይጠይቃል፤ በንግግር ብቻ አይሆንም።

ጋዙ ወዴት እንደሚሄድም መታወቅ አለበት። ሂሊየም ቀላል ነው፤ ሲወጣ ነጭ ጉም ይመስላልና ወደ ጣሪያ ይወጣል፣ ስለዚህ ጎንበስ ብሎ መሄድ ነው። ቀዝቃዛ ናይትሮጅንና አርጎን ግን ወለል ላይ ይተኛሉ፤ እዚያ ጎንበስ ማለት ወደ አደጋው መግባት ነው። ማግኔቶች በሂሊየም በሚቀዘቅዙበት ቦታ የሠለጠነ ሰው፣ አርጎን ወዳለበት ቤተ ሙከራ ሲዛወር እንደ አዲስ መሠልጠን ያለበት ለዚህ ነው። በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ፣ በቀድሞው የሆምስቴክ የወርቅ ማዕድን ውስጥ፣ ዱን ለተባለው የኒውትሪኖ (እጅግ ጥቃቅን ቅንጣት) ሙከራ እያንዳንዳቸው 17,000 ቶን ያህል ፈሳሽ አርጎን የሚይዙ ግዙፍ ማጠራቀሚያዎች ታቅደዋል። እዚያ «ጎንበስ በሉ» የሚል አስጎብኚ ሰው ይገድላል።

ሊፍት ሌላው ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ሕንፃ ሲቃጠል ሊፍት አትግቡ፣ በደረጃ ውረዱ ሲባል ሰምተናል። በሰርን ከ100 ሜትር ገደማ ጥልቀት የሚወጣው በሊፍት ነው። የሊፍቱ ጉድጓድና ከሥሩ ያለው መጠበቂያ ክፍል ውስጥ የአየር ግፊቱ ከአካባቢው ከፍ ተደርጎ ስለሚያዝ ጭስም ጋዝም አይገባም፤ ኤሌክትሪኩም መጠባበቂያ አለው። ሳይረን ሲጮኽ ታዲያ ጎብኚው በደመ ነፍስ ደረጃ ይፈልጋል፣ ወይም ሊፍቱ በር ላይ ደርሶ ያንገራግራል። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ በሩን መዝጋት ራሱ ግማሽ ማምለጥ ነው፤ በሩን «ሌሎች ይመጣሉ» ብሎ ከፍቶ የሚይዝ ደግ ሰው ግፊቱን ያባክነዋል። ይህ ሁሉ ከመውረድ በፊት፣ ላይ ሳሉ፣ በሦስት ዓረፍተ ነገር መነገር አለበት፦ ሳይረን ሲጮኽ ወሬ ይቆማል፤ ሁላችን እኔን ተከትለን ወደ ሊፍቱ እንሄዳለን፤ ማንም ለዕቃ ወይም ለሰው ወደ ኋላ አይመለስም። ከዚህ የበዛ የደኅንነት ንግግር ማንም አይይዘውም። ታች የአየር ማናፈሻው ድምፅ ከፍተኛ ስለሆነ ረጅም ማብራሪያ ሁሉ ላይ ማለቅ አለበት። አንዳንድ የፊዚክስ ሰዎች ይህን አይወዱም፤ መሣሪያው ፊት ቆመው ማስተማር ያምራቸዋል።

መቁጠር ቀላል ይመስላል። ቢያንስ አምስት ቦታ ይቆጠራል፦ መቀበያው ላይ፣ ሊፍት ከመግባት በፊት፣ ታች ከሊፍት ሲወጣ፣ ለመመለስ ሊፍት ከመግባት በፊት፣ ላይ ሲደረስ። የሚያሳስተው ቁጥሩ ትክክል ሲሆን ነው። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት ሆነው የወረዱ ሁለት ቡድኖች ጠባብ መተላለፊያ ላይ ሲገናኙ አንድ ሰው ፎቶ ሊያነሣ ይቀራል፣ ከወዲያኛው ቡድን ሌላ ሰው አብሮ ይመጣል፤ ሁለቱም አስጎብኚዎች 12 ቆጥረው ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። አንዱ ቡድን ወጥቶ ሌላው ሲዘገይ ነው የሚታወቀው። መድኃኒቱ የቡድኖቹን ሄልሜት በቀለም መለየትና ከቁጥር ጋር ስም መጥራት ነው። ሁለት አስጎብኚ ካለ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ይሆናል፤ የኋላው ማብራሪያ አይሰጥም፣ ጥያቄም አይመልስም፣ ሥራው የመጨረሻውን ሰው ጀርባ ማየት ብቻ ነው። አስጎብኚው አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቡድኑ ሊፍቱ በአንድ ጊዜ ከሚይዘው ሰው በላይ መሆን የለበትም፤ ከተከፈለ ግማሹ ያለ መሪ ይቀራል።

ቆጠራውን ወደ ማሽን የወሰዱትም አሉ። ሰርን ውስጥ ቁጥጥሩ በሚጠብቅበት ጊዜ ወደ ማሽኑ ክልል የሚገባ ሁሉ ከመደርደሪያው አንድ ቁልፍ ይነቅላል፤ ያ ቁልፍ ቦታው እስካልተመለሰ ድረስ ማሽኑ አይነሣም። ማዕድን ቆፋሪዎች ይህንኑ በናስ ሰሌዳ ሲሠሩት ኖረዋል፦ የሚወርድ ሰው ቁጥር ያለበትን ናስ ሰሌዳው ላይ ይሰቅላል፣ ሲወጣ ያነሣል። የሆምስቴክ ልማድም ይኸው ነው፤ ከላይ ወደ 1,480 ሜትር ጥልቀት ለሚወርድ ሰው ሰሌዳው ላይ ያለው ናስ ከማንኛውም ኮምፒውተር በላይ ይታመናል። ጎብኚ ናሱን ሳያነሣ እንዳይሄድ ሲወጣ የሚቀበል ሰው በሩ ላይ መቆም አለበት፤ ሰሌዳው ላይ ተረስቶ የቀረ ናስ ታች የቀረ ሰው ያህል ፍለጋ ያስነሣል።

ስልክ ላይ የሚደረገው ስሕተት ትንሽ ይመስላል። ሠልጣኝ «ሲኤምኤስ ነን» ይላል፤ ሲኤምኤስ በሰርን ዋሻ ላይ ካሉት ግዙፍ የቅንጣት መመልከቻ መሣሪያዎች አንዱ ነው። የእሳት አደጋ ጣቢያው የሚፈልገው ነጥብ 5 መሆኑንና የአዳራሹን ኮድ ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ነጥብ ሥር ከአንድ በላይ አዳራሽ አለ። በሲኤምኤስ የመሣሪያው አዳራሽና የኤሌክትሮኒክስ አዳራሹ በ7 ሜትር ኮንክሪት የተለያዩ ናቸው፤ ወደ አንዱ የሄደ የእሳት አደጋ ቡድን ለሌላው ቀርቧል ማለት አይደለም። ሰርን ውስጥ የሚደወለው የራሱ የውስጥ ቁጥር 74444 ነው፤ በከተማ የለመዱትን የአደጋ ቁጥር የሚደውል ጎብኚ የጄኔቫን ወይም የፈረንሳይን ጣቢያ ያነጋግርና ጊዜ ያልቃል። መጀመሪያ ቦታ፣ ቀጥሎ ምን እንደሆነ፣ ከዚያ ስንት ሰው፤ ስልኩን የሚዘጋው ጣቢያው ነው።

ወደ ዋሻው ራሱ ለሚገቡ ሠራተኞች በወገብ የሚንጠለጠል ራስን ማዳኛ ማስክ አለ። ውስጡ ያለው ፖታሲየም ሱፐርኦክሳይድ ከትንፋሻችን እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተገናኝቶ ኦክስጅን ይሰጣል። ችግሩ ሲሠራ ይግላል፣ አየሩም ይደርቃል፤ ያልሠለጠነ ሰው «ተበላሸ» ብሎ ከአፉ ያወጣዋል። አየሩ መጋሉ ግን መሥራቱን ነው የሚያሳየው። የአፍንጫ መቆንጠጫውን የረሳ ሰውም ማስክ አፉ ውስጥ ሆኖ በአፍንጫው የክፍሉን አየር ይተነፍሳል። ይህን ለአሥራ ሁለት እንግዳ ሰዎች በአምስት ደቂቃ ማስተማር አይቻልም፤ ስለዚህ ለተራ ጉብኝት የሚሻለው ማስክ የማያስፈልገውን መንገድ መምረጥ ነው። አስጎብኚው ራሱ ግን በልምምድ ማስክ፣ ዓይኑ ተጨፍኖም ቢሆን፣ ፈጥኖ ማጥለቅ መቻል አለበት።

የልብ ምት ማስተካከያ ወይም ሌላ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሰውነቱ ውስጥ ያለበት ሰው ማግኔት በተከፈተበት አዳራሽ አይወርድም። ይህ ጥያቄ በቡድን ፊት «እጃችሁን አውጡ» ተብሎ ሲጠየቅ ሰው ይደብቃል፤ ምዝገባ ላይ በጽሑፍ፣ መቀበያው ላይ ደግሞ ለብቻ መጠየቅ አለበት። ጠባብ ቦታ የሚያስፈራውም እንዲሁ፦ ላይ የሚቀመጥበት ወንበርና የሚያየው ነገር ካለ ያለ እፍረት ይቀራል፤ ከሌለ አብሮ ይወርድና ታች ይንቀጠቀጣል። ከፍ ካለ መድረክ ላይ የሚታይ መሣሪያ ካለ የአገጭ ማሰሪያ ይጠበቃል፣ ስልክም በገመድ ይታሰራል፤ ከ20 ሜትር የሚወድቅ ስልክ ታች ለሚሠራ ቴክኒሻን ቀልድ አይደለም።

አንድ ቦታ የተማሩትን ሌላ ቦታ እንዳለ ማዛወር አይሠራም። በጣሊያን ግራን ሳሶ 1,400 ሜትር ድንጋይ ከላዩ ያለው ቤተ ሙከራ የሚገባው በአውራ ጎዳና ዋሻ በመኪና ነው፤ እዚያ ማምለጫ ሊፍት የለም፣ መውጫው አግድም ነው። የሚያስፈራው የመኪና ጭስ ሊሆን ይችላል፤ በሆምስቴክ ደግሞ የጉድጓዱ ማንሻ ቢቆም ሰዎች የሚሰበሰቡበት መጠለያ ክፍል የት እንዳለ ማወቅ ይቅደም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደው መሰረዝ ነው። ከመውረድ በፊት አስጎብኚው የዕለቱን ሁኔታ ከመቆጣጠሪያ ክፍል ይጠይቃል፦ ማግኔቱ ተከፍቷል ወይ፣ ሂሊየም ወይም ናይትሮጅን የሚዘዋወርበት ሥራ አለ ወይ፣ ሊፍቱ ጥገና ላይ ነው ወይ፣ መጠባበቂያው አለ ወይ። መልሱ «ምናልባት» ከሆነ ጉብኝቱ ላይ ባለው ሙዚየም ያልቃል። ከሩቅ አገር መጥቶ አንድ ዓመት የጠበቀ ቡድን ፊት ይህን መናገር ያሳፍራል፤ ትልቅ ባለሥልጣን አብሮ ካለ ደግሞ ይብሳል። ሥልጠናው ላይ ይህን መድገም ያስፈልጋል፦ አሠልጣኙ የተናደደ ጎብኚ ይሆናል፣ ሠልጣኙ «ዛሬ አንወርድም» ብሎ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ሌላ አማራጭ ያቀርባል። ይቅርታውን የሚያበዛ ሠልጣኝ በኋላ ይሸነፋል፤ ልምምዱ ይደገምለታል።

የሥልጠናው ቅደም ተከተል እንዲህ ቢሆን ይሠራል፦ ሠልጣኙ መጀመሪያ ያለ ጎብኚ መንገዱን በእግሩ ይሄዳል፣ እያንዳንዱን መውጫ፣ ስልክና ማስታወቂያ ሰሌዳ በወረቀት ይስላል። ቀጥሎ ከልምድ ባለቤት ጋር የመጨረሻው ሰው ሆኖ ይሄዳል። ከዚያ ይመራል፣ ልምድ ያለው ከኋላ ሆኖ ዝም ይላል። በመሐል አሠልጣኙ አንድ ሰው ደብቆ ቆጠራውን ያበላሻል፣ ወይም «ሳይረን ጮኸ» ይላል። ፈተናው ላይ የሚጠየቀው የቅንጣት ፊዚክስ አይደለም። «አሁን መብራት ቢጠፋ በግራህ ያለው በር ወዴት ይወስዳል?» ተብሎ ነው። ከዓመት በኋላ እንደገና ይፈተናል፤ በሮች ይቀየራሉና።

ጉብኝቱ ሲያልቅ ሄልሜቶቹ ተቆጥረው ይመለሳሉ፣ የተሰነጠቀ ካለ ተለይቶ ይቀመጣል። የጠፋ መብራት፣ የማይዘጋ በር፣ የተነቀለ የመውጫ ምልክት ታይቶ ከሆነ በዚያው ቀን ከኮዱ ጋር ይጻፋል፤ «ነገ እነግራቸዋለሁ» የተባለ በር ነገም አይዘጋም፣ የሚቀጥለው ቡድን ደግሞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይመጣል።