«እትዬ፣ ይሄ የኔ ነው?»

ዛሬ ማታ ከሥራ ስገባ ልጁን ኩሽና ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። ከካውንስሉ፣ ማለትም ከአካባቢያችን አስተዳደር፣ የመጣልኝን የክፍያ ወረቀት ይዟል። ጠረጴዛው ላይ ረስቼው የወጣሁት እኔው ነኝ። «እትዬ፣ ይሄ የኔ ነው?» አለኝ። ጣቱ ሳምንታዊው አበል ላይ ነው።

ክው አልኩ። እዚህ ለንደን ፎስተር ልጅ፣ ማለትም እንደሱ ከወላጆቹ ጋር የማይኖር ልጅ፣ በአደራ ተቀብሎ ለሚያሳድግ ሰው አበል እንደሚከፈል አልደበቅኩትም። ግን ቁጭ ብለን አውርተንበትም አናውቅም፤ እኔ ስለማፍር ነው። ስጀምር አንዲት ጓደኛዬ «የሰው ልጅ አሳድገሽ ደመወዝ?» ያለችኝ ከጆሮዬ አልወጣም። እኛ አገር የአደራ ልጅ ከመሶቡ እኩል ይበላል፤ ሒሳብ አይያዝበትም። እናቴም የእህቷን ሁለት ልጆች ያሳደገችው እንደዚያ ነው። መስከረም በመጣ ቁጥር ግን ለደብተርና ለጫማ ብድር ፍለጋ ስትንከራተት አይቻለሁ። ያኔ የሚረዳት መንግሥት ቢኖር ፍቅሯ ይቀንስ ነበር? በፍጹም።

ስለዚህ አስቀምጬ ነገርኩት። በእንግሊዝ ዝቅተኛውን አበል የሚወስነው መንግሥት ነው። እንደ ልጁ ዕድሜና እንደ አካባቢው ይለያያል፤ ለንደን ከፍ ይላል። ምግቡ፣ ልብሱ፣ ማሞቂያው፣ የኪስ ገንዘቡ ሁሉ ከዚያ ነው።

«ይሄ ጫማም?» አለኝ እግሩን አንስቶ።

«እሱም።»

«እንጀራውስ?»

«ጤፉ ከዚያ ነው። ማቡካቱና መጋገሩ ግን የኔ ነው።»

ፈገግ አለ። ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝና የምፈራውን ጠየቀኝ። «18 ሲሞላኝስ?»

ጃንዋሪ ላይ ይሞላዋል። በፈረንጆቹ 2014 በወጣው ሕግ፣ ሁለታችንም ከፈለግን እስከ 21 ዓመቱ እኔ ጋ መቆየት ይችላል፤ ካውንስሉም መደገፍ አለበት። ግን ያ ዝቅተኛ አበል ከ18 በኋላ አይሠራም። ስንት እንደሚከፈል የሚወስነው እያንዳንዱ ካውንስል ነው። ይሄ በጣም ያናድደኛል። በልደቱ ማግስት የሚበላው አይቀንስ፣ የሚተኛበት ክፍል ያው ክፍል። ገና ኮሌጅ እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ ነው። እናቱ ትደውል ይሆናል ብሎ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው የሚተኛው። ልጁን እየወደደ፣ ወጪውን ስላልቻለው ብቻ የሚሸኝ ቤተሰብ መኖር የለበትም።

«የትም አትሄድም» አልኩት።

«እንግዲያው ለሶሻል ወርከሯ አንቺ ንገሪያት» አለኝ።

አንቺ! ከመጣ ጀምሮ «እርስዎ» እንጂ ሌላ ብሎኝ አያውቅም። ዞር ብዬ ድስቱን ማማሰል ጀመርኩ፤ እንባዬን እንዲያይብኝ አልፈለግኩም።

አሁን ተኝቷል። ሶሻል ወርከሯ ማክሰኞ ትመጣለች። የምጠይቃትን እዚሁ እየጻፍኩ ነው። ከልደቱ በኋላ ስንት ነው የሚከፈለው? ከየትኛው ቀን ጀምሮ? በጽሑፍ ትሰጠኛለች?