ከዶሮው በፊት

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ባሕር ዳር ነኝ። ገና ነገ ነው። ቄጠማው ገብቷል፣ ቤቱን የሽንኩርት ቁሌት ሞልቶታል። «በሰላም አደረሳችሁ» ብዬ ስጽፍ ግን «ሰላም» የምትለዋ ቃል ላይ እጄ ቆም አለ። ዘንድሮ ቀላል ቃል አይደለችም።

ባለፈው በ23 ሐይቁ ዳር ያለው ጊዮርጊስ ሄጄ ነበር። ደጁ ላይ ቆሜ ትዝ ያሉኝ የሩቅ አገር ሰው ናቸው፤ የደቡብ አፍሪካው ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ። ያረፉት ታኅሣሥ 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ጸሎተ ፍትሐታቸው የተደረገው በ23፣ ያውም ኬፕታውን ባለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ነበር። በእኛ አቆጣጠር የጊዮርጊስ ዕለት! ሣጥናቸው በራሳቸው ኑዛዜ ከሁሉም ርካሹ ሆነ። የጥድ እንጨት፣ መያዣው ገመድ።

መጀመሪያ መምህር ነበሩ። ሰውን በቀለሙ የሚለየው የአፓርታይድ መንግሥት ጥቁር ልጆች ዝቅ ያለ ትምህርት እንዲማሩ ሕግ ሲያወጣ ሥራቸውን ለቀው ወደ ክህነት ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1984 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኙ። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል።

እኔን የሚገርመኝ በዓመቱ ዱዱዛ በምትባል ሰፈር ያደረጉት ነው። ከቀብር በኋላ ሕዝቡ አንድ ጥቁር ሰው ያዘ። «የፖሊስ ጆሮ ጠቢ ነው» ተባለ። ደበደቡት፣ መኪናውን አቃጠሉት፣ እሱንም ሊያቃጥሉት ተነሡ። ቱቱ ቀሚሳቸውን እንደለበሱ መሐል ገብተው ከሌሎች ካህናት ጋር ሰውየውን አስጣሉት። ሕዝቡ የራሳቸው ወገን ነው። ቁጣውም የራሳቸው ቁጣ ነው። ጥቂት ቀናት ቆይቶ እዚያው ዱዱዛ አንዲት ሴት በተመሳሳይ ጥርጣሬ ተገደለች። ያኔ ቱቱ ይህ ከቀጠለ ቤተሰቤን ይዤ ከምወዳት አገር እወጣለሁ አሉ። ጠላትን መገሠጽማ ያስጨበጭባል። የራስን ሰው «ተው!» ማለት ግን ጓደኛ ያሳጣል።

በኋላ የአፓርታይድን ዘመን በደል ያጣራውን የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን መሩ። እ.ኤ.አ. በ1996 በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምስክርነት ሲሰሙ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው አለቀሱ። ያጠፋ ሰው እውነቱን ሙሉ በሙሉ ከተናገረ ምሕረት ሊያገኝ ይችል ነበር። የእኛ ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁም መጀመሪያ የሚፈልጉት በዳዩ «አዎ፣ በድያለሁ» እንዲል አይደል? ሁሉም ግን አልተቀበለውም። በፖሊስ እጅ የሞተው ታጋይ የስቲቭ ቢኮ ቤተሰብ ፍትሕ ቀረብን ብሎ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። አልፈርድባቸውም።

የእኔ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነው። በመሬት ነገር ዘመድ ተሰብስቦ የአጎቴ ልጅ ላይ ሲጮኽ እኔም አብሬ ጮኼአለሁ። እውነቱ ከእሱ ጋር እንደነበር ውስጤ ያውቃል። ይኸው ሁለት ገና አለፈ፣ አልተነጋገርንም።

ነገ ከዶሮው በኋላ እደውልለታለሁ አልኩ። እናቴ ከማጀት ሰማችኝ። «በኋላ ምን ያደርግልሃል? አሁን ደውልና መጥቶ አብሮን ይብላ እንጂ!»