የጠዋቱ ወረፋ ለምን እስከ ከሰዓት ይዘልቃል? የተመላላሽ ክፍሉን የለካሁበት መንገድ

መጀመሪያ ያዘጋጀሁት ከታካሚው ካርድ ጋር አብራ የምትዞር ትንሽ ወረቀት ነው። የምትሞላው ሰዓት ብቻ ነው፦ ከግቢው በር የገባበት፣ ካርድ ያወጣበት፣ ትሪያጅ (የሕመሙ አጣዳፊነት የሚለይበትን ምርመራ) የጨረሰበት፣ ሐኪም ጋ የገባበትና የወጣበት፣ የላብራቶሪ ውጤት ይዞ ተመልሶ የገባበትና የወጣበት።

የበሩ ሰዓት የግድ ነው። ካርድ ክፍል 2፡00 ላይ ስለሚከፈት፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ የተሰለፈው ሁሉ በመዝገብ ላይ ከ2፡00 በኋላ የመጣ ይመስላል። ሌላው ጣጣ የሰዓት አጻጻፍ ነው፤ አንዱ 2፡40 ሲል ሌላው 8፡40 ይጽፋል። ኤክሴል ላይ ጥበቃው ከዜሮ በታች ከወረደ ወይም ድንገት በ6 ሰዓት ከዘለለ መጀመሪያ ይህን ያጣሩ።

የወረፋ ጥበቃን የሚያሰሉት የኤርላንግ ቀመሮች የተወለዱት ከኮፐንሀገን የስልክ ማዞሪያ ነው፤ ስልክ ደዋይ ደግሞ ገና ሳይነጋ በር ላይ አይሰለፍም። ስለዚህ ለጠዋቱ ግፊት ቀመሩን ትቼ ሁለት መስመር ሳልኩ፦ እስከዚያ ሰዓት የገቡት ድምርና ጨርሰው የወጡት ድምር። በመካከላቸው ያለው ቁመት ገና ያልጨረሰው ሰው ብዛት ነው።

በቀላል ቁጥር እንየው። 2፡00 ላይ 30 ሰው ተሰልፏል፤ ከዚያ በኋላ በሰዓት 12 ይመጣል። ሐኪሞቹ 3 ናቸው። የመጀመሪያው ምርመራ 8 ደቂቃ ይፈጃል፤ ግማሹ ታካሚ ውጤት ይዞ ተመልሶ ሌላ 4 ደቂቃ ይወስዳል። በአማካይ ለአንድ ሰው 10 ደቂቃ፣ ለሦስቱ ሐኪሞች በሰዓት 18 ሰው ማለት ነው። ወረፋው በሰዓት በ6 ይቀንስና፣ ምሳ ሳይቆጠር፣ 7፡00 ላይ ያልቃል። ተመላሹን የዘነጋ ስሌት ግን በሰዓት 22.5 ሰው ይታያል ብሎ 5፡00 ሳይሞላ ይጨርሰዋል። ብዙ የሠራተኛ ዕቅድ የሚበላሸው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

አሁን ሐኪሞቹ ራውንድ (የተኙ ታካሚዎች ጉብኝት) ላይ ቆይተው 3፡00 ቢጀምሩስ? ተሰላፊው 42 ይሆናል፤ የሚያልቀው 10፡00 ላይ ነው። የ1 ሰዓት መዘግየት 3 ሰዓት አስከፈለ። ሐኪም ይጨመር ከማለት በፊት የራውንዱን ሰዓት ማስተካከል ይቀድማል፤ በጀትም አይጠይቅም።

ውሂቡን ለማጣራት የሊትል ሕግ ይበቃል፦ ብዛት ማለት በሰዓት የሚገባው ሲባዛ በአማካይ ቆይታ ነው። በሰዓት 18 ሰው በሚገባበት አዳራሽ ሁልጊዜ 45 ሰው ካለ ቆይታው 2 ሰዓት ተኩል ነው። ወረቀቶቹ 1 ሰዓት የሚሉ ከሆነ ያልተሞሉ ወረቀቶች አሉ።

ግፊቱ ከረገበ በኋላ የኤርላንግ ቀመር ይሠራል። በሰዓት 12 ሰው የሚያይ ሐኪም በር ላይ በሰዓት 10 ሰው ቢመጣ አማካይ ጥበቃው 25 ደቂቃ ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ወረፋዎች በአንድ ተራ ቁጥር ሲጠቃለሉ ወደ 11 ደቂቃ ይወርዳል። የስኳርና የደም ግፊት ቀጠሮ ያላቸውን ግን ከዚህ አልቀላቅልም፤ በየጊዜው አዲስ ሐኪም ሲያገኙ ታሪካቸው እንደገና ስለሚጠየቅ ምርመራው ይረዝማል።