ለአውሮፕላን ሥራ ወፍራም አሉሚኒየም በምን ይቆረጥ?

በጋራዡ አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ስስ ላሜራውን በመቀስ ይቆርጣል፤ ክንፍን ከአካል ለሚያገናኙ ማያያዣዎች የሚውለው፣ 6 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው 6061-ቲ6 (በሙቀት ታክሞ የጠነከረ የአሉሚኒየም ቅይጥ) ግን ሌላ መሣሪያ ይጠይቃል። እኔ ያለማመንታት የምመርጠው ባንድ ሶው፣ ማለትም እንደ ቀበቶ የሚዞር ምላጭ ያለው የመጋዝ ማሽን ነው፤ ለእንጨት የተሠራውም ቢሆን ተስማሚ ምላጭ ከተገጠመለት አሉሚኒየምን በሚገባ ይቆርጣል። የጥርሶቹ ነገር ትኩረት ይሻል፦ ቢያንስ 2 ወይም 3 ጥርሶች በአንድ ጊዜ አሉሚኒየሙ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ከመጠን በላይ የደቀቁ ከሆኑ ግን ፍቅፋቂው በመካከላቸው ተጠቅጥቆ ምላጩ መቁረጡን ትቶ ማሸት ይጀምራል። ምላጩን ሰም መቀባት ይህን በእጅጉ ይቀንሳል። ባንድ ሶው ለሌለው ጂግሶው (ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ በእጅ የሚያዝ መጋዝ) ይበቃል፣ ዝግ ይበል እንጂ።

ለብረት የተሠራ የግራይንደር ድንጋይ በአሉሚኒየም ላይ ፈጽሞ መዋል የለበትም፤ ለስላሳው አሉሚኒየም የድንጋዩን ቀዳዳዎች ሲደፍናቸው ድንጋዩ ግሎ ሊፈነዳ ይችላል። በጣም በጋለ ጋዝ የሚቆርጠው ፕላዝማም ቢሆን በሙቀት ማከሚያ የተገኘውን ጥንካሬ ከጠርዙ ላይ ያጠፋል።

ከመስመሩ 1 ሚሊሜትር ያህል አስተርፎ ቆርጦ ቀሪውን በሞረድ መጨረስ ይሻላል። የመጨረሻው ሙረዳ የጠርዙን ርዝመት ይከተል፤ ጠርዙን አቋርጦ የቀረ ጭረት በንዝረት ለሚፈጠር ስንጥቅ መነሻ ይሆናል።